በሰርጅ ኤክስቲ የአናሎግ ድምፅ መሥራት፦ የአዲሶቹ መገልገያዎች ዝርዝር መመሪያ

ሰርጅ ዛሬ በነፃ የሚወርድ ሲንተሳይዘር ይሁን እንጂ ጅማሬው ቬምበር ኦዲዮ በሚል የድርጅት ስም ለሽያጭ የቀረበ ፕለጊን (በሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራም ውስጥ የሚከፈት መሣሪያ) ነበር። ሠሪው ክሌስ ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2018 የምንጭ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ተረክበው በየእትሙ ሲጨምሩበትና ሲያስተካክሉት ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይም ሰርጅ ኤክስቲ በሚል ስም ከላይ እስከ ታች ታድሶ ወጣ። የድሮውን ሰርጅ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲከፍት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። አዳዲስ ኦሲሌተሮች (የድምፁን ሞገድ የሚያመነጩ)፣ የታወቁ የአናሎግ መሣሪያዎችን ጠባይ የሚከተሉ ፊልተሮች (ከሞገዱ ከፊሉን የሚቆርጡ)፣ እጥፍ የሆኑ የኤፌክት ቦታዎች፣ በፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍ ሞጁሌተር (ሌሎች መቆጣጠሪያዎችን የሚያንቀሳቅስ)፣ የፓች (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ) መፈለጊያ፣ ምኑ ቅጡ።

የአናሎግ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው ባይ ነኝ። አንደኛው ፊልተሮቹ ናቸው፤ ሁለተኛው ድምፁን በጥቂቱ የሚያዛንፉት መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ ላይ እቆያለሁ፤ በሌላው ላይ አልፌ እሄዳለሁ። መንገዳችን ላይ አንድ ቤዝና አንድ ፓድ (ረጋ ብሎ የሚዘረጋ የኮርድ ድምፅ) ከባዶ እንሠራለን።

ደረጃ 1፦ አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን መጫን

ኤክስቲ ለሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራምዎ የድሮው ሰርጅ (የ1.9 እትም) ማሻሻያ ሆኖ አይታይም፤ ራሱን የቻለ ሌላ መሣሪያ ነው። ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በ1.9 የተሠራ አሮጌ ሥራም ሲከፈት የሚፈልገው 1.9ን ነው። «አዲሱ ስላለኝ አሮጌው ምን ያደርግልኛል» ብሎ የሚያጠፋ ሰው የቆዩ ሥራዎቹን ሲከፍት የሚጠብቀው ባዶ ትራክ ነው። በአሮጌው ሰርጅ ያስቀመጧቸው ፓቾች ግን በኤክስቲ ውስጥ ይከፈታሉ። በተቃራኒው አይሠራም፤ በኤክስቲ የተቀመጠን ፓች ወደ 1.9 ለመመለስ አይድከሙ።

ስለዚህ መጀመሪያ በሰነዶች ፎልደርዎ ውስጥ ያለውን የሰርጅ ፎልደር እንዳለ ቀድተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ገና ያላለቀ አሮጌ ሥራ ካለዎት የሰርጅ ትራኮቹን ወደ ድምፅ ፋይል ቀይረው ከሥራው ጋር ያቆዩ። የትራኩን ፓች ወደ ኤክስቲ ማዛወር ቢቻልም በፕሮግራሙ ላይ የሣሉት አውቶሜሽን (መቆጣጠሪያዎቹ በጊዜ ሂደት የሚያደርጉት እንቅስቃሴ) አብሮ አይሻገርም፤ እንደገና መሣል አለበት።

ከዚያ የፕለጊኑን ዓይነት ይምረጡ። ኤክስቲ በቪኤስቲ 2 አይመጣም። የቪኤስቲ ባለቤት የሆነው ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላ ለአዲስ ሠሪዎች የቪኤስቲ 2 ፈቃድ መስጠት አቁሟል። ከቀሩት ዋናዎቹ ቪኤስቲ 3፣ በማክ ላይ ኤዩ፣ እንዲሁም ዩ-ሄ እና ቢትዊግ የተባሉት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረጉት ክላፕ ናቸው። ክላፕ ካሉት ጥቅሞች አንዱ መቅረጫ ፕሮግራሙ አንድን መቆጣጠሪያ ለእያንዳንዱ ኖታ ለየብቻ እንዲያንቀሳቅስ ማስቻሉ ነው። ፕሮግራምዎ ክላፕን የሚቀበል ከሆነ እሱን ይውሰዱ፤ ካልሆነ ቪኤስቲ 3 ይበቃል። አንዱን ከመረጡ በኋላ ግን በዚያው ይጽኑ፤ በአንድ ሥራ ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ ኋላ ራስ ምታት ያመጣል።

ደረጃ 2፦ ከባዶ ፓች መነሣት

ፕለጊኑን ከፍተው ከፓች ዝርዝሩ ውስጥ ቴምፕሌትስ በሚለው ክፍል ሥር ኢኒት ሶው የሚለውን ይክፈቱ። በፋብሪካ ፓቾች ላይ አዳዲስ መገልገያዎችን ለመማር መሞከር አይጠቅምም፤ የሚሰሙት ለውጥ ከየትኛው መቆጣጠሪያ እንደመጣ ማወቅ ያስቸግራል።

አቀማመጡን በአጭሩ ላስታውስ። ሰርጅ ሲን ኤ እና ሲን ቢ የሚባሉ ሁለት ሙሉ ሲንተሳይዘሮችን በአንድ ላይ ይዟል። እያንዳንዱ ሦስት ኦሲሌተር፣ የኖይዝ ምንጭ፣ ሁለት ፊልተር፣ በመካከላቸው ዌቭሼፐር (የሞገዱን ቅርጽ የሚለውጥ)፣ ሁለት ኢንቨሎፕ (ድምፁ ከኖታው ጅማሬ እስከ መጨረሻው የሚለወጥበትን መንገድ የሚወስን) እና አሥራ ሁለት ኤልኤፍኦ (ሌሎች መቆጣጠሪያዎችን በዝግታ የሚያንቀሳቅስ ሞገድ) አለው። ከኤልኤፍኦዎቹ ስድስቱ ለእያንዳንዱ ቮይስ (በአንድ ጊዜ ለሚሰማ ለእያንዳንዱ ኖታ) ለየብቻ ይሠራሉ፤ ስድስቱ ለሁሉም በጋራ። ለዚህ መመሪያ ሲን ኤ ብቻ ይበቃናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍቱ ከሆነ የመስኮቱን መጠን ከምናሌው ያሳድጉ። የሰርጅ ጽሑፍ ትንንሽ ነው፤ ዓይንን ማድከም ደግሞ ጆሮን ያዘናጋል።

ደረጃ 3፦ ኦሲሌተሮቹን መምረጥና ማዛነፍ

የኦሲሌተሩን ዓይነት የሚያሳየውን ስም ሲጫኑ ረጅም ዝርዝር ይወጣል። ክላሲክ ከጥንት ጀምሮ የነበረው ነው። ሞደርን ከተከፈተ በኋላ የተጨመረ ነው። ትዊስት፣ ስትሪንግና ኤሊያስ የሚባሉትም አሉ፤ ደስ የሚሉ ናቸው፤ ለዛሬ ሥራችን ግን አያስፈልጉም።

ክላሲክና ሞደርን ሁለቱም የመጋዝና የካሬ ሞገድ ይሰጣሉ። ልዩነታቸው ሞገዱን በሚሠሩበት ስሌት ላይ ነው። ዲጂታል ኦሲሌተር ሁሉ አንድ ጠላት አለው። በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲሠራ ከ22,050 ኸርዝ በላይ ያለውን ድግግሞሽ መያዝ አይችልም፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ታጥፎ ወደ ታች ይመለስና ከዜማው ጋር የማይስማማ ጩኸት ይሆናል። ሁለቱ ኦሲሌተሮች ይህን የሚከላከሉት በተለያየ ዘዴ ነው። ክላሲክ ቅርጹን በአንድ ስላይደር ይለውጣል፤ ስላይደሩ መሐል ላይ ሲሆን መጋዝ፣ ወደ ግራ ዳር ሲሄድ ካሬ፣ ወደ ቀኝ ዳር ሲሄድ ድርብ መጋዝ ይሆናል። ሞደርን ደግሞ መጋዙን፣ ካሬውንና ሦስተኛውን ሞገድ ለየብቻ በሦስት ስላይደር እንዲያዋህዱ ያስችላል፤ ይህ አቀራረብ የድሮ አናሎግ መሣሪያ ላይ ከለመድነው ጋር ይቀራረባል። እኔ ለቤዝ ክላሲክን፣ ለፓድ ሞደርንን እመርጣለሁ። ጆሮዎ ተቃራኒውን ከነገረዎት ጆሮዎን ይስሙ።

አሁን ይህን ያድርጉ። ኦሲሌተር 1ን ክላሲክ በመጋዝ ቅርጽ ይተዉት። ኦሲሌተር 2ንም ክላሲክ ያድርጉና በሚክሰሩ ላይ ተዘግቶ ከሆነ ይክፈቱት። ከዚያ የኦሲሌተር 2ን ፒች (የኖታውን ከፍታ) በ4 ሴንት ከፍ ያድርጉ፤ ሴንት የአንድ ሴሚቶን፣ ማለትም የግማሽ ድምፅ እርከን፣ መቶኛ ነው። ቁጥሩን በትክክል ለማስገባት ስላይደሩን በማውስ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው እሴቱን ይጻፉ። የ440 ኸርዝ ኖታ ሲጫወቱ ድምፁ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ይሰማሉ፤ 4 ሴንት በዚያ ከፍታ 1 ኸርዝ ያህል ነውና። ሁለት ኦክታቭ ወርደው 110 ኸርዝ ላይ ሲጫወቱ ያው 4 ሴንት ሩብ ኸርዝ ብቻ ይሆናል፤ እብጠቱ አራት ሴኮንድ ይፈጃል። ቤዝ ላይ ይህ ዝግታ ጥሩ ነው። እብጠቱ በሁሉም ኦክታቭ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከፈለጉ ግን የኦሲሌተር 2ን የፒች ስላይደር በቀኝ ቁልፍ ተጭነው አብሶሉት የሚለውን ይምረጡ፤ መዛነፉ ከሴንት ወደ ኸርዝ ይለወጣል።

ቀጥሎ ድሪፍት የሚለውን ስላይደር ይፈልጉ። ይህ ትንሽ ስላይደር ብዙ ሰው የማያያት፣ ውለታዋ ግን ትልቅ የሆነች ናት። በአናሎግ ኦሲሌተር ውስጥ የኖታውን ከፍታ የሚወስነው ቮልቴጅ ነው፤ በተለመደው ሥርዓት አንድ ቮልት አንድ ኦክታቭ ነው። ኦክታቭ 1200 ሴንት ስለሆነ አንድ ሴንት ማለት 0.83 ሚሊቮልት ብቻ ነው። የክፍሉ ሙቀት በትንሹ ሲለወጥ፣ የኤሌክትሪኩ ምንጭ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ያ መጠን ወዲያው ይናጋል። ድሪፍት ይህን መንቀጥቀጥ ይተካል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ያድርጉትና አንድ ኖታ ለረጅም ጊዜ ይያዙ። ከዚያ ወደ 80 በመቶ ያውጡትና ያወዳድሩ። የኋለኛው ጥገና የሚያስፈልገው መሣሪያ ድምፅ ነው፤ ለልዩ ኤፌክት ካልሆነ አይመከርም።

ሪትሪገር የሚለውን አዝራርም ይመልከቱ። ሲበራ ሞገዱ ኖታ በተመታ ቁጥር ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ኖታ መነሻው አንድ ዓይነት ይሆናል። ሲጠፋ ሞገዱ ካገኘው ቦታ ይነሣል። የአናሎግ ኦሲሌተር ሳያቋርጥ የሚሠራ ስለሆነ ለአብዛኛው ድምፅ ይጥፋ። ከከበሮ ጋር አብሮ የሚመታ አጭር ቤዝ ሲሆን ግን ያብሩት። ካልበራ አንዱ ኖታ ጠንካራ፣ ቀጣዩ ሟሸሽ ያለ ሆኖ ይመጣና ሰበቡን ኮምፕሬሰር ላይ ሲፈልጉ ይውላሉ።

ደረጃ 4፦ ፊልተሩ

እዚህ ጊዜ ይውሰዱ። በሰርጅ ውስጥ ካሉት ሁሉ የፓቹን ጠባይ በይበልጥ የሚወስነው የፊልተር ዓይነት ምርጫ ነው።

ሎውፓስ በሚለው ክፍል ውስጥ ከተለመዱት የ12 እና የ24 ዴሲቤል ፊልተሮች ሌላ ቪንቴጅ ላደር፣ ኬ35፣ ዳዮድ ላደር እና ኦቢ-ኤክስዲ የሚሉ ስሞችን ያገኛሉ። ሌጋሲ ላደር የሚለው የጥንቱ የሰርጅ ፊልተር ነው፤ አሮጌ ፓቾች እንዳይለወጡ ተጠብቆ የቆየ ስለሆነ ለአዲስ ሥራ ይዝለሉት።

ቪንቴጅ ላደር የሚከተለው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበትንና በ1970 በወጣው ሚኒሙግ ላይ የታወቀውን ንድፍ ነው። በአንድ ኦክታቭ 24 ዴሲቤል ይቆርጣል። ከትኦፉ (ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበት ድግግሞሽ) 500 ኸርዝ ላይ ከሆነ 1,000 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ የሞገዱ ቁመት ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። በ12 ዴሲቤል ፊልተር ቢሆን አንድ አራተኛው ይቀር ነበር። የሙግ ድምፅ ጥቅጥቅ ያለና ጠቆር ያለ የሚሆነው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

ለቤዙ ፊልተር 1ን ቪንቴጅ ላደር ያድርጉ፤ ከትኦፉን 200 ኸርዝ አካባቢ፣ ሬዞናንሱን (በከትኦፉ አካባቢ ያለውን ድምፅ የሚያጎላውን) 30 በመቶ አካባቢ ያኑሩ። ከዚያ አንድ ዝቅ ያለ ኖታ ይዘው ሬዞናንሱን ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉ። ከትኦፉ ላይ ያለው ድምፅ ሲሾል፣ ከሥር ያለው ቤዝ ሲሳሳ ይሰማሉ። ይህ የላደር ንድፍ ባሕርይ ነው፤ ሬዞናንስ የሚፈጠረው የፊልተሩ ውጤት ተገልብጦ ወደ መግቢያው ሲመለስ ስለሆነ የተመለሰው ድምፅ ዝቅተኛውን ክፍል ይቀንሰዋል። ፊልተሩ በራሱ ማፏጨት ወደሚጀምርበት ጫፍ ሲደርስ ታችኛው ክፍል 14 ዴሲቤል ያህል ያጣል።

በፊልተሩ ስም አጠገብ ያለውን ንዑስ ዓይነት ሲጫኑ ግን ሁለት የተለያዩ ሞዴሎችና የእያንዳንዳቸው ማካካሻ ያለው እትም ይመጣሉ። ማካካሻ ያለው የጠፋውን ቤዝ ይመልሳል። ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ ማካካሻው ይሄዳል፤ እኔ ግን ለቤዝ ማካካሻ የሌለውን እመርጣለሁ። ሬዞናንሱ ከ40 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ የቤዙ መሳሳት ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ሲደባለቅ ቦታ ይፈጥራል። ለሶሎ ዜማ፣ ሬዞናንሱ ብዙ ሲሆን፣ ማካካሻው ይሻላል።

ቀጥሎ ማንም የማይነካውን ስላይደር እንንካ። በሚክሰሩ ላይ ፕሪ-ፊልተር ጌይን የሚል አለ። ወደ ፊልተሩ የሚገባውን የድምፅ መጠን የሚወስነው እሱ ነው። የቪንቴጅ ላደር ሞዴሎች ድምፅ ሲበዛባቸው እንደ እውነተኛው ሰርኪዩት ይጨናነቃሉ። ጌይኑን በ6 ዴሲቤል ከፍ አድርገው የሲኑን ቮልዩም በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉ። ድምፁ ሳይጮህ ይወፍራል፤ ሬዞናንሱም ይለሰልሳል። ቮልዩሙን ዝቅ ማድረጉን እንዳይረሱ፤ ጆሮ የጮኸውን ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳልና ያለዚያ ማወዳደርዎ ዋጋ የለውም።

አሁን ከሌሎቹ ጋር ያወዳድሩት። ኬ35 የኮርግ ኤምኤስ-20ን ጠባይ የሚከተል ነው። ያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ ሃይፓስ ፊልተር ከፊት፣ ሎውፓስ ከኋላ ነበረው። በሰርጅም ይህን መሥራት ይቻላል፦ ፊልተር 1ን ሃይፓስ ኬ35፣ ፊልተር 2ን ሎውፓስ ኬ35 አድርገው ሁለቱን በተከታታይ የሚያገናኘውን ሲሪያል የተባለ አደራደር ይምረጡ። ንዑስ ዓይነቱ የመጨናነቁን መጠን ከምንም እስከ እጅግ ከባድ በደረጃ ይሰጣል። መካከለኛውን ይዘው የሁለቱንም ሬዞናንስ ወደ 70 በመቶ ሲያወጡ ለቤዝ የማይመች፣ ለጩኸታም ዜማ ግን እጅግ የሚመች ቁጡ ድምፅ ይወጣል። ጆሮ ማዳመጫ ካደረጉ ቮልዩሙን አስቀድመው ይቀንሱ።

ዳዮድ ላደር ከሙግ ላደር ጋር ዘመድ ነው፤ በትራንዚስተር ፈንታ በዳዮድ የሚሠራ ንድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሮላንድ ቲቢ-303 ይህን ዓይነት ፊልተር ነው የያዘው። ድምፁ ላስቲክ መሰል ነው። ኦቢ-ኤክስዲ የኦበርሃይም መሣሪያዎችን የሚከተል ሲሆን 12 እና 24 ዴሲቤል ምርጫ አለው። የ12ቱ ለፓድ ልክ ነው፤ የላይኛውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ኮርዱ አየር ያገኛል። በኋላ የምንሠራው ፓድ በእሱ ነው።

ከዚህ ክፍል የቀረው ኪትራክ ነው። ወደ 100 በመቶ ሲደርስ ከትኦፉ ከኖታው ጋር እኩል ይወጣል ይወርዳል። ለቤዙ 30 በመቶ ይበቃል፤ ከፍ ያሉት ኖታዎች እንዳይታፈኑ፣ ዝቅ ያሉት እንዳይጮኹ።

ደረጃ 5፦ ኢንቨሎፕና አጨዋወት

የፊልተር ኢንቨሎፑን አታክ (መነሻ) ዜሮ፣ ዲኬይ (መውረጃ) 300 ሚሊሴኮንድ፣ ሰስቴይን (መቆያ) 15 በመቶ፣ ሪሊዝ (ማብቂያ) 80 ሚሊሴኮንድ ያድርጉ። ኢንቨሎፑ ከትኦፉን የሚያንቀሳቅስበትን መጠን ወደ 30 ሴሚቶን ያውጡት። ኢንቨሎፖቹ ዲጂታልና አናሎግ የሚሉ ሁለት አሠራሮች አሏቸው፤ አናሎጉ የድሮ ሰርኪዩት ኮንደንሰር ሲሞላና ሲፈስ የሚያሳየውን ኩርባ ይከተላል። በዚህ ቤዝ ላይ ልዩነቱ ይሰማል፤ የኖታው ጅማሬ ጠብ የሚልበት መንገድ ይለወጣል።

አጨዋወቱን ከፖሊ (ብዙ ኖታ በአንድ ጊዜ) ወደ ሞኖ (አንድ ኖታ ብቻ) ይለውጡ። ከሞኖ ዓይነቶቹ መካከል ኤስቲ እና ኤፍፒ የሚሉት ፊደሎች የተጣመሩበትን ይምረጡ። የመጀመሪያው አንድ ኖታ ሳይለቁ ሌላ ሲጫኑ ኢንቨሎፑ እንደገና እንዳይነሣ ያደርጋል፤ ሁለተኛው መንሸራተቱ እንደዚሁ በተያያዙ ኖታዎች ላይ ብቻ እንዲሠራ ያደርጋል። ፖርታሜንቶውን (ከኖታ ወደ ኖታ የመንሸራተቻውን ጊዜ) 60 ሚሊሴኮንድ ገደማ ሲያደርጉ ቤዙ በጣትዎ አያያዝ ይናገራል። ቤዙ እዚህ አልቋል፤ ያስቀምጡት።

ደረጃ 6፦ ቮይሶቹን ማለያየት

ለፓዱ ባዶውን ፓች እንደገና ይክፈቱ። ኦሲሌተር 1ን ሞደርን፣ መጋዙን ሙሉ፣ ካሬውን 40 በመቶ ያድርጉ። ኦሲሌተር 2ንም እንዲሁ ሠርተው በ6 ሴንት ዝቅ ያድርጉ። ፊልተሩ ኦቢ-ኤክስዲ 12 ዴሲቤል፣ ከትኦፉ 900 ኸርዝ፣ ሬዞናንሱ 15 በመቶ ይሁን። የአምፕ (የድምፅ መጠን) ኢንቨሎፑ አታክ 600 ሚሊሴኮንድ፣ ሪሊዝ 2 ሴኮንድ ይሁን። ድሪፍት 15 በመቶ። ኮርድ ይያዙ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ኖታ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ፊደል ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ፕሮፌት-5 ያስታውሱ። በስሙ ያለው 5 የቮይሶቹን ብዛት ያመለክታል፤ እያንዳንዱ ቮይስ የራሱ ኦሲሌተሮች፣ የራሱ ፊልተርና የራሱ ኢንቨሎፖች አሉት። አምስቱ ለአንድ ትእዛዝ የሚሰጡት መልስ በጥቂቱ ይለያያል፤ ኮርዱ ሕይወት ያለው የሚመስለው ለዚህ ነው። ድሪፍት ይህን ብቻውን አይሰጥም፤ የኖታውን ከፍታ እንጂ ፊልተሩንና ኢንቨሎፑን አይነካም።

ስለዚህ በእጃችን እንሥራው። ከሞጁሌሽን ምንጮቹ መካከል ራንደም የሚለውን ፈልገው ባይፖላር የሆነውን ይያዙ። ይህ ምንጭ ለእያንዳንዱ አዲስ ኖታ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በላይም በታችም ሊሆን ይችላል። በማውስ ጎትተው ከትኦፉ ላይ ይጣሉት፤ ይህ ጎትቶ መጣል በኤክስቲ የመጣ ምቾት ነው። መጠኑን 1.5 ሴሚቶን ያድርጉ። በተመሳሳይ መንገድ ወደ ኦሲሌተር 2 ፒች በ2 ሴንት፣ ወደ ፊልተር ኢንቨሎፕ ዲኬይ በጥቂቱ፣ ወደ ፓን (የግራና ቀኝ አቀማመጥ) ደግሞ በ15 በመቶ ይላኩት።

መጠኖቹ ትንሽ ይመስላሉ፤ ትንሽ መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ። አንድ ሰው ለብቻው ሲሰማው «ይኼ ኖታ ተዛብቷል» ማለት ከቻለ መጠኑ በዝቷል። ልኩን የሚያገኙት ሞጁሌሽኑን አጥፍተው ሲያበሩ ነው፤ ሲበራ ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ ሲጠፋ ግን ድምፁ ይጠባል።

እዚህ ላይ ለጥንቃቄ ያህል፦ አንዱን የራንደም ምንጭ ወደ አራት ቦታ መላክ አራቱ አብረው እንዲወጡና እንዲወርዱ ያደርጋል። ከፍ ያለ ከትኦፍ የደረሰው ኖታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት ለፓኑ ኦልተርኔት የሚለውን ምንጭ ይጠቀሙ፤ እሱ በየኖታው ምልክቱን እየቀያየረ አንዱን ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ ይወስዳል።

ደረጃ 7፦ ዌቭሼፐርና ኤፌክቶች

ዌቭሼፐሩ በሲሪያል አደራደር በሁለቱ ፊልተሮች መካከል ይቀመጣል። በኤክስቲ የቅርጾቹ ቁጥር እጅግ በዝቷል፤ በምድብ ተከፋፍለው ቀርበዋል፤ ኩርባቸውን የሚያሳይ መስኮትም አለ። ለአናሎግ ሥራ ሳቹሬተር ከሚለው ምድብ ሶፍት የሚባለው ብቻውን ይበቃል። ለፓዱ አያስፈልግም፤ ለቤዙ ትንሽ ቢሞክሩት ክፉ አይደለም።

የኤፌክት ቦታዎቹ ከስምንት ወደ አሥራ ስድስት አድገዋል፤ ለሁለቱ ሲኖች አራት አራት፣ ለሴንድ አራት፣ ለጠቅላላው ውጤት አራት። ቦታ አለ ብሎ ሁሉንም መሙላት አያስፈልግም። ለፓዱ በሲን ኤ የመጀመሪያ ቦታ ላይ ኢንሴምብልን ያስገቡ። ይህ ኤፌክት የድሮ ኮረሶች (ድምፁን የሚያባዙና የሚያሰፉ ኤፌክቶች) የሚሠሩበትን፣ የድምፁን ናሙና ከባልዲ ወደ ባልዲ እንደሚያቀባብል ሰልፍ ከአንዱ ኮንደንሰር ወደ ሌላው የሚያሸጋግረውን ቺፕ አስመስሎ ይሠራል። ሚክሱን ከ35 በመቶ አያሳልፉት። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የሮላንድ ጁኖ-60 በአንድ ቮይስ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ይዞ ሰፊ የሚመስለው በኮረሱ ብርታት ነው። የእኛ ፓድ ሁለት ኦሲሌተር ስላለው ያን ያህል አይፈልግም። ቴፕ የሚለው ኤፌክትም ጥሩ ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን ከባድ ነው።

ፎርሙላ የሚባለው፣ ሉዋ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፈው ሞጁሌተር ብዙ ሰው ያወራለታል። ፕሮግራም መጻፍ የሚወድ ይደሰትበታል። ሙቀት ያለው ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ከድሪፍት ስላይደሯ የሚበልጥ ነገር አይሰጥም።

ደረጃ 8፦ ጭነቱን መቆጣጠር፣ ማስቀመጥ

ፓዱ ሪሊዙ 2 ሴኮንድ ስለሆነ ኮርድ ሲቀያይሩ አሮጌዎቹ ኖታዎች ገና እየሞቱ አዲሶቹ ይመጣሉ። አራት ኖታ ያለው ኮርድ ሲቀየር ስምንት ቮይስ በአንድ ጊዜ ይሠራል። በዚህ ላይ ዩኒሰን (አንድ ኦሲሌተር የሚያባዛቸው ሞገዶች ብዛት) ሰባት ቢያደርጉና ሁለት ኦሲሌተር ቢኖር 112 ሞገድ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከተንተፋተፈ የመጀመሪያው መፍትሔ የዩኒሰኑን ቁጥር መቀነስ ነው፤ ሁለተኛው የፖሊፎኒ ገደቡን ዝቅ ማድረግ። ገደቡን ስምንት ማድረግ ከጥቅሙ በላይ ጠባይም ይሰጣል፤ የድሮ መሣሪያዎች ቮይስ ሲያልቅባቸው አሮጌውን ኖታ ቆርጠው ለአዲሱ ይሰጡ ነበር፤ ያ መቆረጥ የድምፃቸው አካል ነው። የኦዲዮ ቋቱንም (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጀውን የናሙና ብዛት) ይመልከቱ፤ በ48,000 ናሙና ላይ 128 ማለት 2.7 ሚሊሴኮንድ፣ 256 ማለት 5.3 ሚሊሴኮንድ ነው። በ256 መጫወት ለአብዛኛው ሰው አያስቸግርም።

ከ1.1 እትም ጀምሮ መቀልበሻና መድገሚያ ስላለ ሙከራን መፍራት ቀርቷል። ቢሆንም ደህና ቦታ ላይ ሲደርሱ ያስቀምጡ። ሲያስቀምጡ የሚወጣው መስኮት ምድብና ማስታወሻ ይጠይቃል፤ በማስታወሻው ላይ የፊልተሩን ዓይነት ይጻፉ። የፓች መፈለጊያው በስም ሲፈልጉ ወዲያው እየጠቆመ ስለሚያወጣ ለፓቹ «ፓድ 3» ከማለት «ኦቢ 12 ለስላሳ ፓድ» ማለት ከስድስት ወር በኋላ ዋጋ ይኖረዋል።

ከማስቀመጥዎ በፊት አንድ ነገር ያክሉ። ከስምንቱ ማክሮዎች (ሌሎች መቆጣጠሪያዎችን የሚያንቀሳቅሱ ስላይደሮች) የመጀመሪያውን ከትኦፉ ላይ ጎትተው ይጣሉና መጠኑን 24 ሴሚቶን ያድርጉ፤ ስሙንም «ብርሃን» ይበሉት። ማክሮውን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ሚዲ ለርን የሚለውን ከመረጡ በኋላ በኪቦርድዎ ላይ ያለውን አንድ ማዞሪያ ያዙሩ። ኮርዱን በግራ እጅ ይዘው በቀኝ እጅ ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር ይውሰዱ። ፓዱ ከታች ታፍኖ፣ ከላይ ደግሞ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ የማክሮውን መጠን ወደ 18 ያውርዱትና ያስቀምጡ።